የጭፈራው ሥዕልና የፈረሰው ክብ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ ማለዳ ሰላምታ ሁሉም የሚለው፣ ማንም ግን ልብ የማይለው ቃል ሆኗል። የአባባሉ ቁም ነገር በትክክል የሚገባን ነጸብራቁ ከኑሮው ጋር አልገጥም ሲል ነው። መስተዋቱ በማን እጅ እንዳለ፣ ወደ ማን እንደ ዞረ፣ ምንን አሳይቶ ምንን እንደ ሸሸገ መጠየቅ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ጭፈራና ፈንጠዝያ በሥዕል፣ በመድረክና በፊልም እንዴት ይቀረጻሉ የሚል ስለ ሆነ ለአንዳንዶች የዋዛ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን የዋዛ አድርገን አናየውም። አንድ ሕዝብ በሩቅ ላለው ወገኑ የሚታወቀው በአብዛኛው በሥዕሉ ነው፤ በሥዕሉ ጨፋሪ ብቻ ሆኖ የታወቀ ሕዝብ ደግሞ ስለ ውሃው፣ ስለ ግጦሹና ስለ ደመወዙ ሲናገር አድማጭ ያጣል።

ምሳሌውን ከአዋሽ ሸለቆ እንውሰድ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሎጊያና ሰመራ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ዋነኛ የደም ሥር ነው። በዚህ መንገድ ቀንና ሌሊት የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ፣ በአፍዴራ ጨው የሚያመርተው ሠራተኛ፣ በሸለቆው የመስኖ እርሻዎች የሚውለው ወዛደር፣ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ አስፋልቱን የሚያቋርጠው አርብቶ አደር፣ የአካባቢው እውነተኛ ባለታሪኮች እነዚህ ናቸው። ነገር ግን በመንገዱ ዳር ባሉ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ግድግዳ፣ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያው፣ በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ለእንግዳ በሚሸጠው የቆዳ ሥዕል ላይ የምናገኘው አፋር አንድ ብቻ ነው። ጊሌውን በወገቡ ሻጥ አድርጎ፣ ጠጉሩን በቅቤ አሳምሮ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በአየር ላይ የቀረ ጎልማሳ። እግሩ መሬት አይነካም። መሬት የሌለው ሰው አድርገው የሣሉት ይመስላል።

ይህ ሰው ለምን ይዘላል? ሥዕሉ አይነግረንም። ሠዓሊውም ቢጠየቅ «ባህላቸው ነው» ከማለት የሚያልፍ መልስ የሚኖረው አይመስለንም። «ባህላቸው ነው» የሚለው ቃል በአገራችን የስንት ድንቁርና መሸፈኛ እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል።

ለአፋር ሕዝብ ጭፈራ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ወጣት ወንዶችና ልጃገረዶች የሚጫወቱት ኬኬ አለ። ወንዶች በቃል ግጥም የሚቀባበሉበት ላሌ አለ። የውጭውን ተመልካች ዓይን ከሁሉ አብልጦ የሚስበው ግን ጀኒሌ ነው። ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ክብ ይሠራሉ፤ ያጨበጭባሉ፤ እያዜሙ ይወዛወዛሉ። በክቡ መካከል ራሱን አቀርቅሮ የሚቆም ባለ ራእይ አለ። ዜማው እየጋለ፣ ጭብጨባው እየፈጠነ ሄዶ ሰውየው ከራሱ ሲወጣ ከክቡ ጥያቄ ይቀርብለታል። ዝናብ ወዴት ይጥላል? የጠፋው ከብት በየት በኩል ይገኛል? ከጎረቤት ጋር ያለው ሰላም ይጸናል ወይስ ይፈርሳል? መልሱ በዜማ ይመጣል፤ ክቡም ተቀብሎ ያዜመዋል።

በትንቢቱ ማመንና አለማመን ሌላ ጉዳይ ነው። በሳይንሳዊ አስተሳሰብ የታነጸ ሰው ስለ ዝናብ የሚጠይቀው የሜትዎሮሎጂ ጣቢያውን ነው፤ እኛም የተለየ ምክር የለንም። ሊካድ የማይችለው ቁም ነገር ጀኒሌ ፈንጠዝያ ሳይሆን ሸንጎ መሆኑ ነው። በየቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበን በአጀንዳ፣ በቃለ ጉባኤና በድምፅ ብልጫ የምንፈጽመውን ተግባር፣ ማለት የጋራ ሥጋትን በጋራ ጠይቆ የጋራ ውሳኔ ላይ መድረስን፣ ይህ ክብ በዜማ ይፈጽመዋል። በቆዳው ላይ በአየር ቀርቶ የተሣለው ጎልማሳ የሚዘለው ጠግቦ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ስለ ድርቅ እየጠየቀ ነው።

የአፋር ሕዝብ ስለ ዓለም ያለውን ዕውቀት የሚጠብቅበት ሌላም ሥርዐት አለው፤ ዳጉ ነው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም። ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናብ የጣለበትን፣ ውሃ የተገኘበትን፣ በሽታ የገባበትን፣ እንግዳ ሰው የታየበትን ሁሉ ይነግራሉ። ዳጉ የሚነግር ሰው በዓይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል፤ የዋሸ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ ይወገዛልም። እንግዲህ ይህን ያህል ለወሬ ትክክለኛነት የሚጠነቀቅ ሕዝብ፣ ስለ ራሱ የሚወራው የሥዕል ወሬ ግን ማንም ሳያጣራው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይተላለፋል። ሥዕል ዳጉ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ሠዓሊዎቻችን በሽማግሌ ፊት ሳይቀጡ አይቀሩም ነበር።

የዚህ የሥዕል ወሬ ምንጭ የት ነው? ከፊሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በ1920 ዓ.ም. ኔስቢት የተባለ መሐንዲስ፣ በ1926 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ሁለቱም ከአዋሽ የባቡር ጣቢያ ተነሥተው የአፋርን ምድር አቋርጠዋል። የኔስቢት መጽሐፍ በአሜሪካ ሲታተም የተሰጠው ርዕስ አገሩን የፍጥረት ሁሉ የሲኦል ጉድጓድ የሚል ነበር። ቴሲጀር የተሻለ ዓይን ነበረው፤ የወንዙን ፍጻሜ እስከ አቤ ሐይቅ ተከታትሏል፣ ጀኒሌንም ትኩረት ሰጥቶ ጽፎበታል፣ ፎቶግራፎቹም ዛሬ በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የሁለቱም መጻሕፍት በአውሮፓ አንባቢ አእምሮ ውስጥ ያስቀሩት አፋር ገዳዩ አፋር ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የቱሪስት ድርጅት «የ13 ወር ፀጋ» እያለ አገሪቱን በፖስተር ሲያስተዋውቅ ይህ ዓይነቱ ፊት ለገበያ አይመችም ነበር። ስለዚህ ገበያው ሌላውን ፊት መረጠ። የሚያስፈራው ሰው የሚያዝናና ሰው ሆነ። በሁለቱም ሥዕሎች ውስጥ የሚሠራው ሰው የለም፤ ግመል የሚያልበው፣ ከዘንባባ ቅጠል ምንጣፍ ሠርታ ዳቦይታውን የምትተክለውና የምትነቅለው ሴት የለችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጨረፍታ ማንሣት አለብን። በአፋር ምድር የተካሄደ አንድ እውነተኛ ፈንጠዝያ በዓለም የሳይንስ ታሪክ ተመዝግቧል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሀዳር ላይ የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖረችው ፍጡር አጽም በተገኘበት ምሽት፣ የዶናልድ ጆሃንሰን የምርምር ቡድን በድንኳኑ ሲጠጣ፣ ሲዘፍንና ሲጨፍር አመሸ። በቴፕ ደጋግሞ ይጫወት የነበረው የቢትልስ ዘፈን ስለ ነበር አጽሟ ከዘፈኑ ስም ተቀብላ «ሉሲ» ተባለች፤ እኛ ድንቅነሽ የምንላት ናት። ማንም ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የአንትሮፖሎጂ ሊቃውንትን ጨፋሪዎች አድርጎ አልሣላቸውም። የእነሱ ጭፈራ በሳይንስ ታሪክ ገባ፤ የባለ አገሩ ሸንጎ በመዝናኛ ገባ። ልዩነቱ የሥዕል ችሎታ አይደለም።

የምንጩ ሌላው ከፊል የራሳችን ነው። በዚህ ላይ ዘርዘር አድርገን መናገር እንፈልጋለን።

ጀኒሌ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ክብ ነው። ተመልካች የለውም፤ የመጣ ሁሉ የክቡ አካል ነው። መድረክ ግን በሦስት ወገን ተዘግቶ በአንድ ወገን ይከፈታል፤ በተከፈተው ወገን የክብር እንግዳው ተቀምጧል። ክብ ወደ መድረክ ሲወጣ ከአንድ በኩል መፍረስ አለበት፤ ካልፈረሰ እንግዳው የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ጭፈራዎች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ክቡ ተከፍቶ ሰልፍ ሆነ። ሰልፉ ፊቱን ወደ እንግዳው አዞረ። ረጅም ጊዜ የሚፈጀው በጥቂት ደቂቃ እንዲያልቅ ተደረገ። ሲያጥር የተቆረጠው የቱ ነው? ጥያቄና መልሱ ነው፣ ምክንያቱም ጊዜ ይወስዳል፣ ቋንቋውንም እንግዳው አያውቀውም። የቀረው ዝላዩ ነው፣ ዝላይ ትርጉም አይሻምና። ሠዓሊው ደግሞ በኋላ የቀዳው ከበረሃው ክብ ሳይሆን ከመድረኩ ሰልፍ ነው። የቴሌቪዥን ካሜራም እንዲሁ።

የዚያን ዘመን የኪነት እንቅስቃሴ በጅምላ ለማውገዝ አንነሣም። ቀድሞ ከቤተ መንግሥትና ከአዝማሪ ቤት ዐልፎ የማይታይ የነበረውን መድረክ ለብዙ ብሔረሰቦች ቋንቋና ዜማ ከፍቷል፤ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስያሜ የተሰናዳው ቡድን ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች እየዞረ ያሳየው ትርኢት እስከ ዛሬ በአድናቆት ይታወሳል። ተቃርኖውን ግን እናስተውል። ቀን ቀን ጭፈራ በመመሪያ ይዘጋጅ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የሰዓት እላፊ ታውጆ ስለ ነበር ለመጨፈር የፈለገ ሰው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ድረስ በሆቴል ውስጥ መቆየት ነበረበት። መንግሥት የጭፈራ ጠላት አልነበረም፤ የሚፈልገው ወደ እርሱ የዞረውን ጭፈራ ብቻ ነበር።

ይህም የተጀመረው በዚያን ዘመን አይደለም። የአገራችን ባህላዊ ሠዓሊዎች ከሣሏቸው ዓለማዊ ሥዕሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብር አንዱ ነው። ንጉሡ ከሁሉ ከፍ ብሎ፣ ከሁሉም ገዝፎ ይታያል፤ መኳንንቱ በማዕረጋቸው ተራ ተቀምጠዋል፤ ጥሬ ሥጋው ተንጠልጥሏል፣ ጠጁ በብርሌ ይቀዳል፤ አዝማሪው ከታች ማሲንቆውን ይገዘግዛል። የሰው ቁመት የሚለካው በማዕረጉ ስለ ሆነ አሳላፊዎቹና ሥጋ ተሸካሚዎቹ ከጌቶቻቸው ጉልበት አይበልጡም። እነዚህ ሠዓሊዎች ስለ መደብ ትንተና አንድም መጽሐፍ ሳያነቡ ሥርዐቱን በቀለም አጋልጠውት ሄደዋል። ማን ይበላል፣ ማን ያሳልፋል፣ ማን ያጫውታል የሚለው ጥያቄ በሸራው ላይ ያለ አስተርጓሚ ይነበባል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍሎች የሚተርኩት ሥዕሎችም ግብዣን በየዋህነት አያሳዩም፤ የሰሎሞን ቅመም የበዛበት ማዕድ ንግሥቲቱን በውሃ ጥም ለማጥመድ የተዘጋጀ ብልሃት መሆኑን ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል።

በአንጻሩ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ የንጉሡ ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ ደሙ ሲፈስ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ሳያውቁት ይታያሉ። ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ያሸበሽባሉ። ይህን ሥዕል አይቶ «የሚጨፍሩ ሰዎች» ብሎ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የለም። ሽብሸባው ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሠዓሊውም ጦሩን በእግሩ ላይ ሲተክል ነገሩ ከጨዋታ የላቀ መሆኑን ነግሮናል። ለያሬድ የተሰጠው ክብር ለጀኒሌው ባለ ራእይ ለምን ይነፈጋል? ሁለቱም ከራሳቸው ወጥተዋል። አንዱን ከውስጥ ሣልነው፣ ሌላውን ግን ከሆቴል መስኮት።

የፈንጠዝያ ሥዕል ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚጠራጠር ካለ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ያስታውስ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ ያነሣው ፊልም በዚያ ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ በተራቡት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ገብተውበት ነበር። አንድ ወገን የሚያልቅ ሕፃን፣ በሌላ ወገን ኬክና ሻምፓኝ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በርግጥ ዙፋኑን የጣለው ፊልም አይደለም፤ ከየካቲት ጀምሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የታክሲ ነጂውና ወታደሩ ያንቀጠቀጡት ሥርዐት ነበር። ቢሆንም ሕዝቡ የወደቀውን ሥርዐት በአንድ ምስል ጠቅልሎ እንዲያየው ያደረገው ያ ቅንብር ነው። በዚያው ድርቅ የተጎዱት የአውሳ አርብቶ አደሮች ነገር ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለበጋ ግጦሽ ይጠለሉበት የነበረው የወንዙ ዳርቻ እየተመነጠረ በተንዳሆና በሌሎችም ስፍራዎች ለውጭ ኩባንያ ጥጥ ሆኖ ነበር፤ ዝናቡ ሲቀር የሚሸሹበት አልነበራቸውም።

ፊልሙን የቀናበሩት እጆች ከዐሥር ዓመት በኋላ የራሳቸውን ፈንጠዝያ አዘጋጁ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቅስትና በሰንደቅ አሸብርቃ 10ኛውን የአብዮት በዓል ስታከብር በሰሜኑ ረኃብ ሰው ይረግፍ ነበር። በጥቅምት የማይክል በርክ ዘገባ በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ይህን የምናነሣው ያለፈን ሥርዐት ለመርገም አይደለም፤ ርግማኑን የሚችሉበት ሞልተዋል። የምንለው ምስልን በሌላው ላይ ማቀናበር የሚያውቅ ሁሉ የራሱን ምስል ማየት እንደሚሳነው ነው።

ከዚህ ወደ ሰመራ እንመለስ። ሰመራ ከአሳይታ የክልል ርዕሰ ከተማነትን የተረከበች፣ በበረሃው ላይ በአዲስ ፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኅዳር 29 ቀን 2010 ዓ.ም. 12ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል የተከበረው በዚህች ከተማ ነበር። ከመላ አገሪቱ የመጡ ቡድኖች በየአልባሳታቸው ጨፈሩ። በዓሉ የሚታሰብበት ዕለት የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ነው። ሕገ መንግሥት ደግሞ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ፍርድና ስለ ሥልጣን የሚናገር ሰነድ ነው። ታዲያ የዚህ ሰነድ መታሰቢያ በምስል ሲቀመጥ ለምን ጭፈራ ብቻ ይሆናል? የአፋር አርብቶ አደር በሕግ ላይ የሚለው የለውምን? መድዓ የሚባል፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የራሱ የፍርድ ሥርዐት ያለው፣ ፊኢማ በሚባለው የዕድሜ እኩዮች ማኅበር ውሳኔውን የሚያስፈጽም ሕዝብ እኮ ነው! የቀበሌና የሠፈር ማኅበራት አባላት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ፊኢማን ቢያዩት ባዕድ አይሆንባችሁም። የራሱ መሪ አለው፤ አጥፊውን ይቀጣል፣ የተጎዳውን ይደግፋል፣ ሥራ ሲኖር በጋራ ይወጣል። በቅብ ቀለም የሣለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

«ታዲያ ሕዝቡ አይደሰት? አይጨፍር?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደስታን ሁሉ የቅንጡዎች ቅሪት አድርጎ የሚያይ ደረቅ አስተሳሰብ አገራችንን ጎብኝቷት ያውቃል፤ ዛሬም በሌላ ልብስ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው ማምሻውን የመዝናናት መብቱ የተገኘው በትግል ነው። በአዋሽ የባቡር ጣቢያ አጠገብ ፈረንሳዮች ባሠሩት ቡፌ፣ ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ የሚያድረው መንገደኛ ሲዝናና፣ ሐዲዱን የሚጠብቀው ሠራተኛ ከውጭ ሆኖ ሙዚቃውን ብቻ የሚሰማበት ዘመን ነበር። ሠራተኛው ገብቶ ቢጨፍር የምንቀናበት አይደለንም። ጥያቄያችን ስለ ጭፈራው ሳይሆን ስለ ሥዕሉ ነው።

ሁለቱን ለይቶ ለማየት የውጭ ምሳሌ ይረዳ ይሆናል። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው የፍላንደርሱ ሠዓሊ ፒተር ብሩጌል «የገበሬዎች ጭፈራ» የሚባለውን ሥዕል ሠርቷል፤ ዛሬ በቪየና ይገኛል። ወፍራም ጫማ የተጫሙ፣ የሥራ ልብስ የለበሱ፣ አንዳንዶቹ የሚጣሉ፣ አንዳንዶቹ የሚሳሳሙ ገበሬዎች ናቸው። እግራቸው መሬቱን ሲረግጥ የሚሰማ ይመስላል። ይኸው ሠዓሊ በእነዚያው ዓመታት፣ በ1565 እ.ኤ.አ.፣ «አጫጆቹን» ሥሏል፤ ያው ገበሬ በሐሩር ሲያጭድ፣ ከዛፍ ሥር ደክሞት ተዘርሮ ሲተኛ። የጨፈረው ሰው ያጨደው ሰው መሆኑን ስለምናውቅ ጭፈራው ክብር አለው። ማቲስ በ1910 እ.ኤ.አ. ለሞስኮው ነጋዴ ሽቹኪን መኖሪያ የሣለው «ጭፈራ» ደግሞ አምስት ራቁታቸውን የሆኑ ሰዎች በአረንጓዴ ኮረብታ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዞሩ ያሳያል። ሥዕሉ ታላቅ መሆኑን አንክድም። ሆኖም አገር፣ ዘመንና ስም የላቸውም፤ ሠዓሊውም የማንም ሕዝብ ናቸው አላለንም። የእኛ የሆቴል ግድግዳ ችግር የማቲስን ስም የለሽነት ይዞ የአፋርን ስም መለጠፉ ነው።

የዚህ ዋጋ በሰላሙ ቀን አይታይም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ በታኅሣሥም በርትቶ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ በየፎቁ ያለው ሰው ወደ ደጅ ወጣ። ለስንቱ ነዋሪ ግን የተፈናቃዮቹ መንደሮች ስም አዲስ ነበር? የሚያውቁት ጊሌ የታጠቀውን ዘላይ ነው፤ እርሱ ደግሞ እግሩ መሬት ስለማይነካ መሬት ቢንቀጠቀጥ የሚጎዳ አይመስልም።

ሥራው የሚጀመረው ከቅርብ ነው። በአዋሽ፣ በሎጊያና በሰመራ ያሉ የሠፈር ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት የስብሰባ አዳራሽ ሲያድሱ ወይም የወጣት ማዕከል ሲያሠሩ ለግድግዳ ሥዕል የሚመድቡት ገንዘብ ይኖራል፤ ትንሽም ቢሆን። ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት አንድ ሳምንት ከፊኢማ አባላት ጋር ይቀመጥ። ንድፉን ቋንቋውንና ሥርዐቱን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ሴቶች ይዩት፤ ዳጉ እንደሚጣራ ይጣራ። ከሥዕሉ ሥር የጭፈራው ስም፣ የሚጨፈርበት ጊዜና ምክንያት በአፋርኛና በአማርኛ ይጻፍ። ለሥዕሉ ወይም ለፊልሙ የቆመው ጨፋሪም የላቡን ዋጋ ያግኝ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙን ባለመብት አድርጎ ያውቀዋል፤ ይህን የሚያውቅ ከዋኝ ግን ጥቂት ነው። ይህንንም ለአባላቱ ማስረዳት የማኅበራቱ ተግባር ይሁን።

የሚሣለው ነገር አይጠፋም። በ1970ዎቹ ወደ መካከለኛው አዋሽ ገብቶ ግጦሹን የወረረውን እሾሃማ ዛፍ አፋሮች ደርጊ ሃራ ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ ማለታቸው ነው። በዚያ ዛፍ መካከል መጥረቢያ ይዞ ለከብቱ መተላለፊያ የሚከፍተው ወጣት ይሣል። ዳቦይታዋን በግመል ጭና የምትጓዘው እናት፣ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ሎጊያ ላይ ሻይ የሚጠጣው ሾፌር ይሣሉ። ጀኒሌም ይሣል እንጂ አይቅር። ነገር ግን ክቡ ሳይፈርስ፣ ሠዓሊው ከክቡ ውስጥ ቆሞ፣ ተመልካቹም ከክቡ ሰዎች አንዱ ሆኖ እንዲያየው ይሁን። ግድግዳው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ በመካከል ያቀረቀረውን ባለ ራእይና አንገቱን አስግጎ የሚጠይቀውን ሰው አስቀድሞ መሣል ይቻላል፤ ዘላዩ ቦታ ከተረፈ ይደርሳል።